በረንዳችሁ ላይ ትከሉት፤ ክኒናችሁን ግን አትጣሉ



ሰሞኑን በኢንቦክስ ስለ አንድ ቅጠል ደጋግማችሁ እየጠየቃችሁኝ ነው። ቲክቶክ ላይ ያያችሁት ይመስለኛል፤ ግንዱ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም የሚያደላ፣ ቅጠሉ ወፈር ብሎ የሚያብለጨልጭ፣ በገመድ ላይ እየተጠመጠመ እስከ ጣሪያ የሚወጣ ሐረግ። "ማላባር ስፒናች" ይሉታል። ጥያቄዎቹ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው፦ "ዶክተር፣ ለደም ማነስ ይሆናል?"፣ "ለስኳርስ?"፣ "ጨጓራ ያድናል የሚባለው እውነት ነው?"፣ "ጨምቄ በባዶ ሆዴ ልጠጣው?" እንዴት ይተከላል፣ በምን ይሠራል ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን ከሁለትና ከሦስት አይበልጥም።

እኔ ደግሞ የምወደው እነዚያን የሁለቱን ሦስቱን ሰዎች ጥያቄ ነው። ስለዚህ አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፦ ትከሉት። በረንዳ ያለው በረንዳው ላይ፣ ጓሮ ያለው አጥሩ ላይ ይትከል። ግን እንደ ጎመን ለድስት ትከሉት እንጂ ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ጋር አታወዳድሩት።

በመጀመሪያ ስሙ ያሳስታል። ስፒናች አይደለም፤ ከስፒናችም ከቆስጣም ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም። በሳይንሳዊ ስሙ ባሴላ አልባ ይባላል። ግንዱ አረንጓዴ የሆነም፣ ቀላ ያለም ዓይነት አለው፤ ሁለቱም ይበላሉ። ማላባር በደቡብ ምዕራብ ሕንድ የሚገኝ የባሕር ዳርቻ ስም ነው። ቤንጋሎች "ፑይ ሻክ" ብለው ከሽሪምፕ ወይም ከዓሣ ጭንቅላት ጋር ይሠሩታል፤ ፊሊፒኖች "አሉግባቲ" ይሉትና ማሾ ሾርባ ውስጥ ይጨምሩታል፤ እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ፣ በምዕራቡ በኩል፣ የሉህያ ሕዝብ "ንዴሬማ" ብሎ ሲበላው የኖረ ነው። ዱባይ ወይም ሪያድ የሠራችሁ እኅቶችና ወንድሞችም የሕንድና የባንግላዴሽ ሱቆች ውስጥ በእስር በእስር ተደርድሮ ሳታዩት አልቀራችሁም። እንግዲህ "አዲስ የተገኘ ተአምረኛ ተክል" እየተባለ የሚሸጥላችሁ ነገር ለሚሊዮኖች የዘወትር ወጥ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ትከሉት እላለሁ?

ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው መሬት የለውም፤ ከፍታ ግን አለው። ጎመን ለመትከል መደብ ያስፈልጋል። ይህ ሐረግ ግን የሚጠይቃችሁ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሁለት ሜትር ገመድ ነው። ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ ያድጋል፤ ሲመቸው ብዙ ሜትር ይረዝማል። ጫፉን በቀጠፋችሁት ቁጥር ከጎንና ከጎኑ አዲስ ቡቃያ ያወጣል። ማለትም አንድ ጊዜ ነቅላችሁ የምትጨርሱት ሳይሆን በየሳምንቱ እየቀጠፋችሁ የምትበሉት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት፣ ለእኔ ዋናው፣ ውሃው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከምንበላው ቅጠላ ቅጠል ቀላል የማይባለው የሚለማው በአቃቂና ወደ እሱ በሚገቡት ወንዞች ዳር፣ በእነዚያው ወንዞች ውሃ ነው። ወንዞቹ ውስጥ ምን እንደሚፈስ ድልድይ ላይ ቆሞ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በእነዚህ ማሳዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በአፈሩም በቅጠሉም ላይ እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ብዙ ሰው "እኔ በአቼቶ አጥባለሁ" ይለኛል። ጥሩ ነው፤ ማጠብ ጭቃውን፣ የጥገኛ ትሎችን እንቁላልና ከጀርሙም የተወሰነውን ያስወግዳል፣ ማብሰል ደግሞ የቀረውን ይገድላል። ተክሉ በሥሩ ስቦ ቅጠሉ ውስጥ ያስቀመጠውን ብረት ግን አቼቶም እሳትም አያወጣውም። በዚህ ፈርታችሁ ቅጠል መብላት አቁሙ እያልኩ አይደለም፤ ቅጠል አለመብላት የራሱ ጣጣ አለው። የምላችሁ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን እንኳ ምን ውሃ እንደጠጣ የምታውቁት ቅጠል ድስታችሁ ውስጥ ቢገባ ትርፍ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። ለደም ማነስ ይሆናል ወይ?

ቁጥሩን እንይ። 100 ግራም ጥሬ ቅጠል ማለት ሁለት እፍኝ ገደማ ነው። በውስጡ 1.2 ሚሊ ግራም ብረት (አይረን)፣ 102 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ፣ 140 ማይክሮ ግራም ፎሌት፣ 109 ሚሊ ግራም ካልሲየም አለው። ከቫይታሚን ኤ በኩል አንዲት ሴት በቀን ከሚያስፈልጋት ከግማሽ በላይ ይሰጣል። ጉልበት የሚሆን ካሎሪው 19 ብቻ ነው። ለቅጠል እነዚህ በጣም ጥሩ ቁጥሮች ናቸው። በተለይ ቫይታሚን ሲው፤ ሲበስል ከፊሉ ቢጠፋም።

ግን ብረቱን ደግማችሁ እዩት። 1.2። ነፍሰ ጡር ሴት በቀን 27 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ያስፈልጋታል። ይህን ከዚህ ቅጠል ብቻ ላግኝ ብትል በየቀኑ ከሁለት ኪሎ በላይ መብላት አለባት። እሱም ቢሆን ከዕፅዋት የሚገኝ ብረት ከሥጋው ያነሰ ነው ወደ ደም የሚገባው። በአንጻሩ በእርግዝና ክትትል ላይ የምትሰጠው ክኒን 60 ሚሊ ግራም ገደማ ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ይዛለች። ቅጠሉና ክኒኑ አንድ ሚዛን ላይ የሚቀመጡ ነገሮች አይደሉም።

ይህን በቁጥር ያስቀመጥኩት ለክርክር አይደለም። ክሊኒክ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚገጥመኝ ነገር ስላለ ነው። "ክኒኑ ሆዴን ስላደረቀኝ ትቼ የቀይ ሥርና የቅጠል ጭማቂ ጀመርኩ" የሚሉ ነፍሰ ጡሮች አሉ። አይፈረድባቸውም፤ የብረት ክኒን ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሰገራ ያጠቁራል። ግን መፍትሔው ለሚከታተላችሁ ባለሙያ መናገር ነው። የሚወሰድበት ሰዓት ሊቀየር፣ ከምግብ ጋር ሊደረግ፣ ዓይነቱም ሊለወጥ ይችላል። ዝም ብሎ አቁሞ በጭማቂ መተካት ግን በወሊድ ሰዓት ደም የሚፈስ ጊዜ ዋጋ ያስከፍላል። መጠባበቂያ የሌላት እናት ትንሽ ደም ሲፈሳትም ትደክማለች።

ፎሊክ አሲድም እንዲሁ ነው። የሕፃኑ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር መነሻ የሆነው ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሱ በኋላ ባሉት 28 ቀናት ገደማ ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ማለት ነው። በዚህ ጉድለት የሚወለዱ ልጆች ቁጥር በአገራችን ከፍተኛ መሆኑን የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ለማርገዝ ያሰባችሁ ሴቶች ክኒኑን ከማርገዛችሁ በፊት ጀምሩ። ቅጠሉንም ብሉ። "ወይም" የለም እዚህ ጋ።

ሌላው ደግሞ ደም ማነስ ሁልጊዜ የምግብ ጉዳይ አለመሆኑ ነው። የመንጠቆ ትል፣ ወባ፣ የበዛ የወር አበባ፣ የጨጓራ ቁስል ሊሆን ይችላል። አንድ የ60 ዓመት አባት ድንገት ደማቸው ሲቀንስ የመጀመሪያው ጥያቄ "ምን ይብሉ?" አይደለም፤ "ከየት እየደሙ ነው?" ነው። የአንጀት ካንሰር አንዳንዴ የሚታወቀው እንዲህ ነው። እንዲህ ላሉ ሰው ልጆቻቸው ሦስት ወር የቅጠል ጭማቂ ቢያጠጧቸው ሦስቱ ወር በከንቱ አለፈ ማለት ነው።

ለስኳር ሕመምተኛ፦ ምግብ ሆኖ ጥሩ ነው፤ ካርቦሃይድሬቱ ትንሽ ነው። መድኃኒታችሁን አይተካም። ለጨጓራ፦ ቅጠሉ ሲበስል እንደ ባሚያ ያንሸራትታል፤ ሰው "ጨጓራን ይለብጣል" የሚለው ከዚህ ተነስቶ ነው። ጨጓራችሁ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ግን በዚህ አይሞትም፤ ተመርመሩ። በቃ።

ጥንቃቄ የሚሹ ሦስት ዓይነት ሰዎች ግን አሉ፤ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ።

የመጀመሪያዎቹ ዋርፋሪን የሚወስዱ ናቸው። በአገራችን የልብ ቧንባቸው በሩማቲክ በሽታ ተጎድቶ ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተገጠመላቸው ብዙ ወጣቶች አሉ። አረንጓዴ ቅጠል ቫይታሚን ኬ ስላለው የዋርፋሪንን ሥራ ይቃረናል። ይህ ማለት ቅጠል አትብሉ ማለት አይደለም፤ መጠኑን አታለዋውጡት ማለት ነው። ወር ሙሉ ሳትበሉ ቆይታችሁ ሐረጉ ሲደርስ በየቀኑ መብላት ብትጀምሩ አይ ኤን አር ሊወርድና ደም ሊረጋባችሁ ይችላል። ጾም ሲገባና ሲወጣ ተመሳሳይ ነገር ይፈጠራል፤ ለሐኪማችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ሁለተኛ፣ የኩላሊት ጠጠር የነበረባቸው። ቅጠሉ ኦክሳሌት አለው። ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ይቀንሰዋል፤ ጥሬውን በማሽን ፈጭቶ በብርጭቆ መጠጣት ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጭማቂ የማልወድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ በወጥ መልክ የማትጨርሱትን መጠን በሁለት ጉንጭ ያስገባችኋል። ሦስተኛ፣ ኩላሊታቸው የደከመና እጥበት ላይ ያሉ። በ100 ግራም 510 ሚሊ ግራም ፖታሲየም አለው፤ ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

አሁን ወደ አተካከሉ እንሂድ።

ይህ ተክል ሙቀት ይወዳል። ከ25 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይፈነጥዛል፣ ሲበርደው ያኮርፋል፣ ውርጭ ከነካው አለቀለት። ድሬዳዋ፣ አርባ ምንጭ፣ ጋምቤላ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳርም ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ስለዚህ ፀሐይ ሙሉ ቀን የሚያገኝ ግድግዳ ወይም በመስታወት የተዘጋ በረንዳ ከሌላችሁ ብዙ አትጠብቁ። የካቲትና መጋቢት ላይ ጀምሩት፤ ክረምቱ ሲገባ ማዝገሙን እወቁት። እንጦጦ ሥር የምትኖሩ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የአበሻ ጎመን ይሻላችኋል። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ላላችሁ በጋው ይስማማዋል፤ ውርጭ ካለፈ በኋላ ግንቦት አጋማሽ አውጡት፣ የመጸው ውርጭ እስኪመጣ ትበሉታላችሁ።

ዘሩ ጠንካራ ነው፤ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። በሙቅ አፈር ውስጥ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያል ለመብቀል፤ ተስፋ ቆርጣችሁ አትድፉት። ከዘር የሚቀለው ግን ቁራጭ ነው። ጤናማ ግንድ አንድ ስንዝር ያህል ቆርጣችሁ፣ የታችኛውን ቅጠል አንስታችሁ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ብታስቀምጡት በቀናት ውስጥ ሥር ያወጣል። ከዘር ከሆነ ሁለት ወር ገደማ ላይ መቅጠፍ ትጀምራላችሁ፤ ከቁራጭ ከሆነ ቀደም ይላል። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፉን ቅጠፉት፤ ቅርንጫፍ የሚበዛው ያኔ ነው።

ስለ አበባው አንድ ነገር። ይህ ተክል የቀኑ ብርሃን ከ13 ሰዓት ሲበልጥ አያብብም። አሜሪካና አውሮፓ በጋ ላይ ቀኑ ረጅም ስለሆነ ቅጠል ብቻ ያወጣል፤ የምታዩዋቸው ለምለም ቪዲዮዎች ብዙዎቹ ከዚያ ናቸው። በአብዛኛው አገራችን ግን ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ13 ሰዓት በታች ነው። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ሊያብብባችሁ ይችላል፤ ሲያብብ ቅጠሉ ያንሳል፣ ይጠነክራል። በሽታ አይደለም። የአበባውን ጫፍ እየቀጠፋችሁ ጣሉ፣ ቅጠሉንም ሳታስረጁ ብሉት። ሁለት ሦስት ዘለላ ብቻ ለዘር ተዉ። ፍሬው ሲበስል ጥቁር ወይን ጠጅ ይሆናል፤ ጭማቂው ልብስ ከነካ አይለቅም፣ ከሕፃናት እጅ አርቁት።

ጀሪካኑ የምግብ ዘይት የነበረበት ይሁን። የፀረ ተባይ፣ የባትሪ ውሃ ወይም የቀለም ዕቃ፣ መቶ ጊዜ ቢታጠብም፣ ለሚበላ ነገር አትጠቀሙ። ከወንዝ ሸሽተን ከጀሪካን ኬሚካል ብንበላ ምን ተረፈን? ሥሩን ብሱት፣ ውሃ እንዳይተኛበት። ፍግ የምትጨምሩ ከሆነ በደንብ የበሰበሰ ይሁን፤ ትኩስ የዶሮ ኩስ ሳልሞኔላ ይዞ ነው የሚመጣው። ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣላችሁ አውቃለሁ፤ ሩዝና አትክልት ያጠባችሁበት ውሃ ይበቃዋል። የልብስ ሳሙና ያለበትን ግን አትድፉበት።

ድሬዳዋዎች፣ ይቺ ለእናንተ ናት። ከተማችሁ በ2013 እንደ ፈረንጆቹ ዴንጊ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ አይታለች። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው ረግረግ ውስጥ ሳይሆን ቤታችን ባለ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነው፦ በርሜል፣ አሮጌ ጎማ፣ በተክል ሥር የሚቀመጥ ሰሃን። ሰሃኑን በየሳምንቱ ድፉት፣ ፈትጋችሁም እጠቡት፤ እንቁላሉ ጠርዙ ላይ ይጣበቃል። ባይኖር ደግሞ ይሻላል።

አራተኛ ፎቅ ላይ ያላችሁ ጀሪካኑን ከብረቱ ውስጥ በኩል፣ ወለል ላይ አስቀምጡት። ውሃ የጠጣ ባለ 20 ሊትር አፈር ሰው አናት ላይ ቢወድቅ ይገድላል። ገመዱ ይውጣ፣ ጀሪካኑ መሬት ይቀመጥ። እና ደግሞ አንድ የማይቀር ጥያቄ ልመልስ፦ "አጥራችን ላይ የሚመስል ሐረግ አለ፣ እሱን ብበላስ?" አይሆንም። ሐረግ ሁሉ አይበላም፤ መርዛማ የሆኑ ብዙ አሉ። ከምታውቁት ተክል ወይም ከሚያውቀው ሰው ያገኛችሁትን ብቻ ብሉ።

አበሳሰሉ ቀላል ነው። ቶሎ ስለሚበስል እንደ ጎመን አታንገላቱት። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዘይት፣ ቃሪያ፤ ከዚያ ቅጠሉን ጨምሮ ሦስት አራት ደቂቃ። ዘይቱን አትዝለሉት፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው የቫይታሚን ኤ መነሻ ያለ ቅባት ወደ ሰውነት በደንብ አይገባም። መንሸራተቱ የማይጥማችሁ ካላችሁ ለብቻው አትሥሩት። ፊሊፒኖች ማሾ ላይ እንደሚያደርጉት ምስር ወጡ ወይም ክክ አልጫው ሊወርድ ሲል ከትፋችሁ ጨምሩት፤ መረቁን ያወፍረዋል፣ ማንም ልብ አይለውም። ስድስት ወር ለሞላው ልጅ በደንብ አብስላችሁ፣ አልማችሁ፣ ጠብታ ዘይት ጨምራችሁ ከምስር ጋር መስጠት ትችላላችሁ።

ሎሚ ቢጨመርበት ብረቱ በተሻለ ወደ ደም ይገባል። ቡናና ሻይ ግን ያግዱታል። ምግቡ ሳይወርድ ጀበናው ሲቀርብ "ኧረ ዶክተር፣ ቡና ልትከለክለን ነው?" እንደምትሉ አውቃለሁ። አልከለክልም፣ እኔም እጠጣለሁ። ደም ማነስ ያለባችሁና ነፍሰ ጡሮች ብቻ አንድ ሁለት ሰዓት አቆዩት፤ ክኒኑንም በሻይ አትዋጡት።

ቁራጭ ወይም ዘር ያላችሁ፣ የምትኖሩበትን ከተማ ብቻ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ የሚፈልጉ ሰዎች እዚያው ያግኟችሁ። ስልክ ቁጥር በአደባባይ አታስቀምጡ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ቤታችሁ ካለ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ዛሬውኑ ላኩለት።